ሸማኔ የሚለው ቃል በቅዱሳት መጻሕፍት ያለው ትርጓሜና አገባብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

ሸማኔ ማለት ተፈትሎ የመጣለትን ድር ዘርግቶ፥ ማጉን በመወርወሪያ አስገብቶ፥ ልብስ የሚያወጣ ሰው ነው። ይህን የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን የታወቀ ቃል በመጽሐፍ በተገኘ ጊዜ አንባቢ ሳይመረምረው ያልፋል፤ ሲያልፍም የአገር ልማድ በሰጠው ትርጓሜ ይዞት ያልፋል። በኢትዮጵያ ልማድ ደግሞ ይህ ስም የሙያ ስም መሆኑ ቀርቶ ብዙ ዘመን የስድብ መልክ ይዞ ኖሯል። ስለዚህ ካህኑ ሲተረጕም፥ መኰንኑም ሲሰማ፥ ሸማኔ ከሚል ንባብ በደረሱ ጊዜ፥ ምሳሌው ከተናቀ ነገር የተወሰደ ነው ብለው ቢይዙት የሚያስገርም አይደለም። ይህ አያያዝ ግን ከንባቡ ጋራ አይስማማም፤ ምሥጢሩንም ያስቀራል።

አስቀድሞ ቃሉ ይታይ። አማርኛው ስሙን ያወጣው ከሚሠራው ነገር ነው፤ ሸማ ብሎ ሸማኔ አለ። ግዕዙ ግን ስሙን ከግብሩ ያወጣል፤ አነመ ብሎ አናሚ ይላል። ዕብራይስጡም ኦሬግ ሲል፥ ጽርዑም ሂፋንቴስ ሲል፥ እንዲሁ ከግብሩ ነው። ልዩነቱ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ሸማኔ ሲባል የሰሚው ልብ ወደ ተጨረሰው ሸማ ይሄዳል፤ አናሚ ሲባል ግን ድሩ ገና ተዘርግቶ፥ መወርወሪያው ገና ሲመላለስ፥ እጅ ከሥራው ሳይነሣ ይታያል። ኢዮብም ሕዝቅያስም የተናገሩት ስለዚህ ስላልተጨረሰው ነው። አማርኛው የሰውየውን ስም ሲሰጥ ግብሩን ስለ ሸፈነው፥ ተርጓሚ ይህን መግለጥ ይገባዋል።

ንቀቱስ ከወዴት መጣ ቢሉ፥ ከመጽሐፍ አልመጣም። ርስት ያለው ሰው አረሰ፤ ርስት ያልነበረው ወይም የተከለከለ ሰው በእጁ ሥራ አደረ። በጎንደር አገር ሸማ መሥራት ይልቁንም የእስላሞችና የቤተ እስራኤል ሙያ የነበረው ስለዚህ ነው። እንግዲህ የተናቀው አስቀድሞ ርስት ማጣቱ ነው፤ በኋላ ግን ንቀቱ ወደ ሥራው ተሻገረ። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው ስም መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ ከልክለዋል። በዚያ ዐዋጅ ብረት ሠሪና ሸማ ሠሪ ብቻ ሳይሆኑ ጸሐፊም ተቈጥሯል፤ የሚጽፍን ሰው ጠንቋይ ማለት የተለመደ ነበርና። ብራና ዳምጦ ቀለም በጥብጦ የኖረ ካህን ሸማኔን ሲንቅ፥ በአንድ ዐዋጅ ከአንድ ስድብ አብሮት የዳነውን ወንድሙን መናቁ ነው።

ኦሪት ዘጸአት በ35ኛው ምዕራፍ የድንኳኑን ሥራ ሲናገር ልብ ያላቸው ሴቶች በእጃቸው እንደ ፈተሉ ይገልጣል። ቀጥሎም ከይሁዳ ነገድ ባስልኤልን፥ ከዳን ነገድ ኤልያብን ያነሣል፤ የእግዚአብሔር መንፈስ በባስልኤል እንደ ሞላበት ተናግሮ፥ ለሁለቱ ከተሰጠው የልብ ጥበብ መካከል የአናሚን ሥራ በስሙ ይቈጥረዋል። ሴቶች ፈትለው ወንዶች የሠሩበት ይህ ሥርዓት በኢትዮጵያ ደጋ እንዝርቱ በሴት እጅ፥ መወርወሪያው በወንድ እጅ ከሆነበት ልማድ ጋራ አንድ ነው። ባስልኤል ከይሁዳ መሆኑንም ነገዳቸውን ወደ ይሁዳ የሚቈጥሩ መሳፍንት ልብ ይበሉት። ሙያው ግን በራሱ ቅዱስ ነው ለማለት አይደለም፤ መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በ23ኛው ምዕራፍ በቤተ መቅደስ ለጣዖት መጋረጃ የሚሠሩ ሴቶች እንደ ነበሩና ንጉሡ ኢዮስያስ ቤታቸውን እንዳፈረሰ ይናገራል። እጁ አንድ ነው፤ የሚሠራለት ተለየ።

ስለ ጎልያድ ጦር የተነገረው ቃል ከሁሉ ይልቅ የታወቀ ነው፤ የጦሩ ዛቢያ በሸማኔ ዕንጨት ተመስሏል። በጉድጓድ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ የሚሠራውን የኢትዮጵያን ሸማኔ ያየ ሰው ይህ ዕንጨት ያን ያህል ምን ያስፈራል ይላል። የዕብራይስጡ ቃል ሜኖር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1955 ይጋኤል ያዲን የሚባል የዕብራውያን ሊቅ ይህን ሲመረምር፥ ሜኖር ሸማው የሚጠቀለልበት ወፍራም ዕንጨት ሳይሆን ድሩን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው፥ የገመድ ቀለበት የተሰካካበት ዘንግ ነው አለ። ጦሩም በላዩ የተጠመጠመና በቀለበት የሚያዝ ገመድ ነበረው፤ ሲወረወር ይሽከረከራል፥ ርቆም ይሄዳል። እስራኤል እንዲህ ያለ መሣሪያ ስም ስላልነበራቸው በሚያውቁት በሸማኔ ዕቃ መሰሉት ማለት ነው። ይህ አሳብ መልካም ነው። ነገር ግን ንባቡ ወዲያው የጦሩ ብረት 600 ሰቅል ይመዝን እንደ ነበረ ስለሚናገር፥ ክብደቱን አስቀርቶ ገመዱን ብቻ መያዝ አይገባም። አንድም ስለ መጠኑ፥ አንድም ስለ አሠራሩ ተብሎ ቢተረጐም ሁለቱም ይጸናሉ።

በዚሁ ነገር የጸሐፍት ስሕተት ምን ያህል እንደሚያደርስ የሚያሳይ ስፍራ አለ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ በ21ኛው ምዕራፍ ጌታዊውን የገደለው የኤልያናን አባት ስም በዕብራይስጡ ኦርጊም የሚል ተጨምሮበት ይነበባል። ኦርጊም ሸማኔዎች ማለት ነው። መጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ በ20ኛው ምዕራፍ ያንኑ ታሪክ ሲጽፍ የአባቱን ስም ያለዚህ ጭማሪ ያነሣል። የሸማኔ ዕንጨት የሚለው ቃል በዚያው ቍጥር መጨረሻ ስለሚገኝ፥ የገልባጭ ዐይን ከታች ወደ ላይ ዘሎ የሙያን ስም የሰው ስም አድርጎ አስገባው። በኋላ የመጡ ተርጓሚዎችም እንዳለ ተቀብለው በየቋንቋቸው ጻፉት። እነሆ ሸማኔ ሳይሆን ሸማኔ የተባለ አንድ አባት በመጽሐፍ ይኖራል።

አሁን ወደ ኢዮብ ይደረስ። በ7ኛው ምዕራፍ በ6ኛው ቍጥር ኢዮብ የዘመኑን ፍጥነት ሲናገር ዕብራይስጡ መወርወሪያን ያነሣል፤ ጽርዑ ግን ሕይወቱ ከንግግር ይልቅ የቀለለች መሆኗን ይናገራል እንጂ መወርወሪያን አያውቅም። ስለዚህ ጽርዑን በሚከተል ንባብ ሸማኔን የሚፈልግ አያገኘውም። በ1954 ዓ.ም. የታተመው አማርኛ ከዕብራይስጥ ስለ ተመለሰ መወርወሪያውን መልሷል። ይህ መልካም ሥራ ነው። የቍጥሩ መጨረሻ ግን ጐድሏል፤ ጕድለቱም የተርጓሚዎቹ ስንፍና ሳይሆን የቋንቋው ነው።

በዕብራይስጥ ኢዮብ ዘመኔ አለቀ ያለው በቲቅዋ ማጣት ነው። ቲቅዋ ተስፋ ማለት ነው፤ አማርኛውም ተስፋ ብሎታል። ነገር ግን ቲቅዋ ፈትልም ማለት ነው። በመጽሐፈ ኢያሱ በ2ኛው ምዕራፍ ረዓብ በመስኮቷ ያንጠለጠለችው ቀይ ፈትል የተጠራው በዚሁ ቃል ነው። መወርወሪያ ከተባለ በኋላ ይህ ቃል ሲመጣ ዕብራዊው ሰሚ ሁለቱን በአንድነት ይሰማል። ማግ በቀሰም ተጠቅልሎ በመወርወሪያው ሆድ ይገባል፤ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሮጥ ፈትሉ እየተፈታ ያልቃል። ሩጫው ራሱ የሚያጐድለው ነው፤ ፈጥኖ በሮጠ መጠን ፈጥኖ ባዶ ይሆናል። ኢዮብ ዘመኔ ፈጣን ነው ብቻ አላለም፤ የሚሮጥበት ነገር እየተፈታ ማለቁን ተናገረ። ተስፋ ብቻ ተብሎ ሲነበብ ግን ይህ ሁሉ ቀርቶ የተከፋ ሰው እንጕርጕሮ ይሆናል። እንግዲህ የአንድምታ ሥርዓት የተሠራው ለምንድር ነው? አንዱ ቃል ሁለት ፊት ባለው ጊዜ ሁለተኛው ፊት እንዳይጠፋ አይደለምን? አማርኛ ተስፋንና ፈትልን በአንድ ቃል ማለት ካልቻለ፥ መምህሩ በዚህ ስፍራ አንድም ፈትል ብሎ ማከል ይገባዋል። ይህ ሲደረግ የረዓብ መስኮት ለኢዮብ መልስ ይሆናል፤ ኢዮብ አለቀብኝ ያለው ፈትል እርስዋን ከነቤተ ሰብዋ ያዳነው ነውና።

ሕዝቅያስ ከኢዮብ ይልቅ የቀረበ ነው፤ ጸሎቱ ከመዝሙረ ዳዊት ጋራ በጸሎተ ነቢያት ተጽፎ በካህናት አፍ ዕለት ዕለት ይነገራልና። ቃሉ ያለው በኢሳይያስ በ38ኛው ምዕራፍ በ12ኛው ቍጥር ነው። ዕብራይስጡና ጽርዑ በዚህም ይለያያሉ፤ ልዩነቱም ንጉሡን ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ የሚያዛውር ነው።

በዕብራይስጡ ንጉሡ ራሱን ሸማኔ አደረገ። ሕይወቱን እንደ ሸማኔ መጠቅለሉን ተናገረ፤ ወዲያው ግን ከድሩ የሚቈርጠው ሌላ መሆኑን አመለከተ። የጠቀለለው እኔ በሚል፥ የሚቈርጠው እርሱ በሚል ተነገረ። ይህን የሰው መለወጥ ቸል የሚል ተርጓሚ ነገሩን ሁሉ ይስተዋል። ሸማኔ እየሠራ የጨረሰውን ወደ ራሱ ይጠቀልላል፤ የተጠቀለለው ከዐይን ይሰወራል፥ ተመልሶም አይታረምም። ያለፈ ዘመን እንዲህ ነው። እስከዚህ ድረስ ሥራው የሸማኔው ነው። መቍረጥም እንደ ልማዱ የሸማኔው ነበረ፤ ድሩ ሲያልቅ ቈርጦ ያወጣዋል፥ ዘርፉም ይቋጫል። አማርኛ ነገር ተጨርሶ ሲታሰር ተቋጨ የሚለው ከዚሁ ከነጠላ ዘርፍ ወስዶ ነው። ሕዝቅያስ ግን መጠቅለሉን ለራሱ አስቀርቶ መቍረጡን ለእግዚአብሔር ሰጠ። ድሩ ሳያልቅ ይቈረጣል ብሎ ስለ ፈራ አለቀሰ እንጂ፥ የሚቈርጠው ማን ነው ብሎ አልተከራከረም።

በጽርዑ ግን ንጉሡ ሸማኔ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ድሩ ሆነ። ነፍሱ የተመሰለችው ሠራተኛዪቱ ልትቈርጠው በቀረበች ጊዜ እንዳለ ድር ነው። ቃሉ ኤሪቶስ ነው፤ በዋጋ የምትሠራ፥ በጠጕርና በፈትል ሥራ የምታድር ሴት ማለት ነው። ሸማ መሥራት የወንድ ሙያ በሆነበት አገር ያለ አንባቢ ይህን ሲሰማ ያደናግረዋል፤ በጽርዕ አገር ግን ድር በቤት ውስጥ የሴት ሥራ ነበረና አያስደንቅም። ሸማኔ የተናቀ ነው የሚል ሰው እንግዲህ ይመልስ፤ የዳዊት ልጅ፥ በዙፋን ላይ ያለ ንጉሥ፥ በአንዱ ንባብ ራሱን ሸማኔ አለ፤ በሌላው ንባብ ደግሞ በደመወዝ በምታድር ሴት እጅ ያለ ድር አለ። ከሁለቱ የትኛውን ይመርጡለታል? ይህን ጸሎት በቃሉ የያዘ ካህን፥ ሲደገምለትም የሚሰማ መኰንን፥ ከጸሎት በኋላ ወጥቶ ሸማኔ ብሎ ቢሳደብ የራሱን ጸሎት ሰደበ።

ስለ ድሩ ሌላም የሚባል አለ። እግዚአብሔር ለሕዝቅያስ 15 ዓመት ጨመረለት። በተጨመረው ድር ምን ተሠራ? ከባቢሎን የመጡትን መልእክተኞች ቤተ መዛግብቱን ሁሉ አሳያቸው፤ ነቢዩም ስለዚህ ገሠጸው። ምናሴ በ12 ዓመቱ ነገሠ ተብሎ ስለ ተጻፈ፥ የተወለደው በእነዚያው በተጨመሩት ዓመታት ውስጥ ነው። ክፋቱም ከአሕዛብ ይልቅ ሆነ። አባቱ እንዳይቈረጥ ባለቀሰበት ድር ልጁ ተገኘ። ጸሎተ ምናሴም በዚያው በጸሎተ ነቢያት ከአባቱ ጸሎት ጋራ መገኘቱ ይህን ለሚያስተውል ሰው ታላቅ ነገር ነው፤ ክፉ ሆኖ የወጣው ሥራ በንስሓ ተመልሷልና።

ሐዋርያው ጳውሎስን ከሸማኔዎች የሚቈጥሩት አሉ። ኪልቅያ ከፍየል ጠጕር በሚሠራ ጨርቅ የታወቀች ስለ ሆነች ነው። የሐዋርያት ሥራ በ18ኛው ምዕራፍ የሚለው ግን ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋራ ድንኳን ሠሪ መሆኑን ብቻ ነው። ዮሐንስ አፈ ወርቅም በቍርበት ሥራ ያውቀዋል። ሸማኔን ለማክበር ያልተጻፈ መጨመር አያስፈልግም፤ የተጻፈው ይበቃል።

አባቶች ይህን ቃል ወዴት እንዳደረሱት ለማየት ጵሮቅሎስ ይበቃል። ይህ አባት በመጽሐፈ ቄርሎስ ቃሉ የገባለት የቍዝቆ ኤጲስ ቆጶስ ነው፤ በኋላም የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ430 ገደማ ንስጥሮስ ባለበት በቍስጥንጥንያ ስለ እመቤታችን ሲሰብክ፥ እርስዋን የተዋሕዶ ልብስ የተሠራባት የሸማኔ መሥሪያ አላት። ሸማኔው መንፈስ ቅዱስ ነው፤ ጠጕሩ የአዳም የቀድሞ ለምድ ነው፤ ማጉ ከድንግል የተገኘው ንጹሕ ሥጋ ነው፤ መወርወሪያው የለበሰው ጌታ ስፍር የሌለው ጸጋ ነው። ፈትል ሠራተኛዪቱንም ከላይ የጸለለባት ኀይል አላት። በዚህ ስፍራ የጻፈው ቃል ኤሪቶስ ነው፤ ሕዝቅያስ ልትቈርጠኝ ቀረበች ብሎ የፈራት ያችው ናት። በንጉሡ ጸሎት ለመቍረጥ የቀረበችው እጅ በድንግል ዘንድ ለመሥራት ቀረበች። ጵሮቅሎስ ይህን አስቦ ነው ወይስ ቃሉ እንዲሁ ገጥሞት ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ የጽርዕን ብሉይ በቃሉ የያዘ ሰባኪ ሳያስብ አለው ማለት ግን ይከብዳል።

በኢትዮጵያ ነገሩ እንግዳ አይደለም። እመቤታችን ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል ገብርኤል እንዳበሠራት ይነገራል፤ ሠዓሊዎችም ፈትሉን በእጅዋ አድርገው ይሥላሉ። ዳሩ ግን ምሳሌውን ከልክ አሳልፎ መሳብ አይገባም። ድርና ማግ ተዋሕደው አንድ ልብስ ይሆናሉ፤ ድሩ ድር መሆኑን፥ ማጉም ማግ መሆኑን አይለቅም፤ እስከዚህ መልካም ነው። ነገር ግን ሸማ ሲያረጅ ክሩ ይመዘዛል፥ አንዱም ከሌላው ይለያል። ተዋሕዶ ግን መለየት የለበትም። ስለዚህ ምሳሌው ሥራውን እንጂ ዘላቂነቱን አያሳይም ብሎ መወሰን ይገባል።

የቀረው የጌታ እጀ ጠባብ ነው። ዮሐንስ በ19ኛው ምዕራፍ ይህ ልብስ ስፌት እንዳልነበረውና ከላይ እስከ ታች አንድ ሆኖ እንደ ወጣ ይናገራል። አማርኛው ወጥ ሆኖ የተሠራ ብሎ አልፎታል። ወጥ ማለቱ መልካም ነው፤ የተሠራ ማለቱ ግን ደካማ ነው፤ ሁሉም ልብስ የተሠራ ነውና። ወንጌላዊው የጻፈው ሂፋንቶስ ብሎ ነው፤ የተአነመ ማለት ነው። ይህ ቃል በጽርዑ ኦሪት ስለ ሊቀ ካህናቱ ቀሚስ ከተነገረው ከሸማኔ ሥራ ጋራ ከአንድ ሥር ይወጣል። በዘጸአት በ28ኛው ምዕራፍ የቀሚሱ አንገትጌ እንዳይቀደድ ዙሪያው በሸማኔ ሥራ እንዲሆን ታዝዟል፤ በ39ኛው ምዕራፍም ቀሚሱ በሙሉ የሸማኔ ሥራ መሆኑ ተጽፏል። ፍላቪዮስ ዮሴፍም ይህ ቀሚስ ከሁለት ቍራጭ ያልተሰፋ፥ አንድ ሆኖ የተሠራ እንደ ነበረ መስክሯል። ይህ ዮሴፍ ዜና አይሁድ ከሚነገርለት ከወልደ ኮርዮን ሌላ መሆኑን አንባቢ ይወቅ። ቅዱስ ቆጵርያኖስ ያልተቀደደውን እጀ ጠባብ የቤተ ክርስቲያን አንድነት ምሳሌ አድርጎታል፤ ይህም የታወቀ ትርጓሜ ነው። ከእርሱ በፊት ግን ንባቡ ራሱ የሚያመለክተው ወደ ክህነት ነው።

ኦሪት ዘሌዋውያን በ21ኛው ምዕራፍ ሊቀ ካህናት ልብሱን እንዳይቀድ ይከለክላል። በዚያች ሌሊት ቀያፋ ልብሱን ቀደደ። የቀደደው የመቅደሱን ቀሚስ ነው ወይስ የዘወትር ልብሱን የሚል ክርክር አለ፤ ማቴዎስ ልብሱን ከማለት በቀር አልለየም፤ ሊቀ ካህናትም የመቅደሱን ልብስ ወደ ሸንጎ ለብሶ አይመጣም ቢሉ ያስኬዳል። ማርቆስ ግን በ14ኛው ምዕራፍ የቀያፋን ልብስ በጽርዕ የጠራው ኪቶን በሚለው ቃል፥ በብዙ ቍጥር አድርጎ ነው። ዮሐንስም ጭፍሮቹ እንዳይቀደድ ተነጋግረው ዕጣ የጣሉበትን የጌታን እጀ ጠባብ የጠራው ኪቶን ብሎ ነው።